የረጋ ሞራ

የእቃ ቤቱን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቢሻው የተያዘው በሩ ስለተከፈተ ነው፤ ሳይመለስ የቀረውም ስለተያዘ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት ጧት፣ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ነገሩን የማውቀው እንዲህ ነው። ይህን ያህሉ ውሸት የለበትም። የጎደለው ነገር አለ እንጂ።

አባቴ ቄስ አያልነህ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ሊጀምር ሲል ባለች ጉብታ ላይ የተተከለ ደብር ገበዝ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ በእሱ ኃላፊነት ነው፤ ጃንጥላው፣ ከበሮው፣ መጻሕፍቱ፣ ልብሰ ተክህኖው። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በድንጋይ በተሠራች መስኮት የለሽ እቃ ቤት ነው። በሯ ወፍራም የወይራ ሳንቃ ነው። ሳንቃው ውስጥ የተቀበረው ቁልፍ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ መጋዘን የተነቀለ ነው ይባላል። መክፈቻው አንድ ብቻ ሲሆን ርዝመቱ የዚያን ጊዜ ስንዝሬን ያህላል።

በበጋ ማንም ይከፍተዋል። ክረምት ሲገባ ግን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ጧት ጧት ጉሙ ከውኃው እየተነሣ ጉብታው ድረስ ይመጣል፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አባቴ ዝገት ስለሚፈራ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቁልፉን የበሬ ሞራ ይግተዋል። ያ ሞራ በነሐሴ ብርድ እንደ ጧፍ ይረጋል። መክፈቻው ይገባል፤ አይዞርም። ከአባቴ በፊት የነበሩት ገበዝ በጉልበት አዞረዋለሁ ሲሉ መክፈቻው ውስጡ ተሰብሮባቸው፣ ጎንደር ድረስ ሰው ተልኮ በስንት መከራ ሌላ ተሠራ። አንድ ቄስ በጾም ወር ሞራ ግቢያችን ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ ቢነቅፈው፣ አባቴ፣ «ቁልፍ አይጾምም» አለው እየተባለ ይሳቅ ነበር።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከቤት በገል ፍም ይዤ እሄዳለሁ። መክፈቻውን ፍሙ ላይ አጋድሜ፣ በነጠላዬ ጫፍ ለመያዝ እስኪያቅተኝ አግለዋለሁ። ቀዳዳው ውስጥ የገባውን ውኃ በቀጭን ሸምበቆ እፍ ብዬ አስወጣለሁ። ከዚያ መክፈቻውን አስገባና እተወዋለሁ። አባታችን ሆይን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እደግማለሁ። ሳልጨርስ ካዞርኩት እምቢ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ስጨርስ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ሞራው ሲለቅ መዳፌ ላይ ይታወቀኛል። በሕይወቴ ትዕግሥት የነበረኝ ለዚያ ቁልፍ ብቻ ነው።

እከፍታለሁ እንጂ አልገባም። በደብራችን ሥርዓት ሴት የእቃ ቤቱን ደፍ አታልፍም፤ ሕፃንም ብትሆን። አባቴ መክፈቻውን ከወገቡ ጠፍር ፈትቶ ይሰጠኝና ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቃል። ስከፍት ተቀብሎኝ መልሶ ያስረዋል። ሲተኛም አይፈታውም።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። አዛናው ወንድሜ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ። ቢሻው የእናቴ የወንድሟ ልጅ ነው፤ አባቱ ገብረማርያም በንዳድ ሲሞት እናቴ ከይፋግ አምጥታ አሳደገችው። አዛናውን በአንድ ዓመት ይበልጠዋል። ዲያቆን ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ስሳሳት አይቆጣም፤ የሳትኩትን ፊደል መስሎ በእጅ በእግሩ ይቆምልኛል። «ጨ»ን ሊያሳየኝ ሲል ጭቃ ላይ ወድቆ ሳቄ አላቆም ብሎኝ ሆዴን ይዤ አምሽቻለሁ።

በዚያ ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይታፈስ ነበር። እኔ የማውቀው ኦራል መኪና ገበያው ዳር ሲቆም ጎረምሳው ሁሉ ሜዳውን ይዞ እንደሚሮጥ ነው። እናቶች ይጮኻሉ፣ ውሾች ይከተላሉ፣ አንዳንዱ ውኃው ውስጥ እስከ አንገቱ ይገባል። የትልልቅ ልጆች ድብብቆሽ ይመስለኝ ነበር። ቢሻውና አዛናው ማታ ጭቃ ለብሰው እየሳቁ ሲመለሱ ደግሞ ይበልጥ መሰለኝ።

ፍልሰታ ሲገባ አባቴ፣ ቢሻው እቃ ቤት ውስጥ ሱባኤ ሊይዝ ነው አለኝ። እስከ ነሐሴ 16 አይወጣም፣ ከሰው አይነጋገርም፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፣ ሱባኤው ይፈርሳል። አመንኩ። ግቢው በሱባኤ ሰው ተሞልቶ ነበር፤ ባልቴቶች በየሣር ጎጆው ገብተው ሲጸልዩ ያድራሉ። በላዩ ላይ የሚቆለፍበት ሱባኤ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቢሻው በሁሉ ነገር ከሰው ስለሚበልጥ ሱባኤውም የባሰ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። አዛናው በዚያው ሰሞን ሐሙሲት አክስቴ ዘንድ ተላከ። እሱ ለምን ሱባኤ አልያዘም ስል እናቴ አፌን ያዘችኝ።

በየጧቱ ከአባቴ ጋር አሹቅና ውኃ ይዘን እንሄዳለን። በሸምበቆው እፍ ስል ቢሻው ከወዲያ በኩል መልሶ እፍ ይልብኛል፤ ሞራ ሞራ የሚሸት አየር ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

«ዝም በል፤ ሱባኤህን ታፈርሳለህ» እለዋለሁ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አደረግሁ? ነፋስ ነው» ይለኛል።

በሩ ሲከፈት አሹቁን ከደፉ ላይ አስቀምጣለሁ። እጁ ከጨለማው ወጥቶ ይወስደዋል። አንዳንዴ እጁ እንደ ውሻ አፍ ሆኖ ጣቴን ሊነክስ ይመጣል። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል፤ አይስቅም። በረዶ የመሰለው ፊቱ የጾም መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የቀበሌው ሊቀመንበር አበረ ቤታችን መጣ። ቀኑን አላስታውሰውም ነበር። አሁን አውቀዋለሁ፤ ነሐሴ 11 ነው። ካኪ ለብሷል፤ ጫማው ጭቃ ስለበላው ደጃፍ ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። እኔ ጥግ ላይ የሽንብራ እንክርዳድ እለቅማለሁ። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ውኃው ስለበላው የጓያ መሬት አወሩ። አባቴ ጠላ ቀዳለት። ከዚያ አበረ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ስለ ከብት የሚያወራ ይመስል፣ «ከዚህ ቤት አንድ ተጽፏል፤ ቄሰ ገበዝ» አለ። «ስም አልተጻፈም። ቁጥር ነው የተጻፈ።»

አባቴ ዋንጫውን አዞረ፣ አዞረ፣ አስቀመጠ።

«እኔ የእቃ ቤቱን ደጅ ለመንግሥት አልከፍትም» አለ። «ገበዝ ስሆን በወንጌል ተገዝቻለሁ። በእጄ አልከፍትም። ክፈቱ ብዬም አላዝም።»

ደረቴ በኩራት ሞላ። መንግሥት ከበሮውን ሊወርስ መጥቶ አባቴ እምቢ ያለ መስሎኝ ነበር። አንድ ተጽፏል የተባለው ከበሮ ነው፤ ያውም ትልቁ።

«መስበርም አለ» አለ አበረ።

«ስበረዋ። እናትህ እዚያው ግቢ ሱባኤ ላይ ናት፤ እሷ ትጠይቅህ።»

አበረ ሳቀ። እሱም ክርስትና የተነሣው እዚያው ደጅ እንደሆነ፣ መስበር እንደማይወድ ተናገረ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ይች ናት ቁልፉን የምታባብለው?»

አባቴ ዋንጫውን አንሥቶ እንደገና ሞላለት። አበረ ስንት ዓመትሽ ነው አለኝ፤ ነገርኩት። እጅሽን አሳዪኝ አለኝ፤ እንክርዳድ የያዘ እጄን ዘረጋሁለት። አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጠላውን ጨልጦ ተነሣ። አባቴ እስከ ደጃፍ ሸኘው። ተቃቅፈው ሲሰነባበቱ አይቼ አባቴ አሸንፎ ይቅር ያለው መሰለኝ።

እናቴ ስትመጣ ሮጬ ነገርኳት። አባ ሊቀመንበሩን እቃ ቤቱን አልከፍትም አለው፣ በወንጌል ተገዝቻለሁ አለው። እናቴ የተሸከመችውን ዱቄት ሳታወርድ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ሄዳ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው። ተይ፣ ተይ አላት።

የቡሄ ዋዜማ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ አመሹ። እናቴ ሙልሙል ጋግራ ለየልጁ አደለች። እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ አባቴ ፍሙን እያየ፣ «እንግዲህ ቢሻው ሙልሙል ሳይቀምስ ቡሄ ሊያልፍ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ አንዱን ሙልሙል ወስጄ ትራሴ ሥር አደረግሁ።

ጧት ስነቃ ሁለቱም ኪዳን ሄደዋል። መክፈቻው ግድግዳው ላይ ካለው ችካል፣ የአባቴ ጋቢ ከሚሰቀልበት፣ ተንጠልጥሏል።

ቆሜ አየሁት። ከወገቡ ወጥቶ አይቼው አላውቅም። ከሥሩ፣ ምድጃው ዳር፣ ገሉ ላይ ፍም አመድ ተደርጎበት ተዘጋጅቷል። አባቴ ረስቶት የሄደ መሰለኝ። ዕድሌ ነው አልኩ። ይህን ዓይነት ዕድል ቡሄ ያመጣል ብዬም አሰብኩ። በችካሉ ሥር መርገጫ የሚሆን ዱካ፣ አጭር በርጩማ፣ ሳይቀር እንደነበር የማስታውሰው ግን ዘንድሮ ነው፤ እኔ እዚያ ችካል ላይ የምደርስ ልጅ አልነበርኩም።

መክፈቻውን በነጠላዬ ጠቀለልኩ። እንደ ሌባ ልቤ ይመታል። ሙልሙሉን ብብቴ ሥር፣ ፍሙን በገሉ፣ ከላይ የእናቴን የሣር ገሳ ደፍቼ ዝናቡን እየተከላከልኩ ሄድኩ። ጉሙ ቤተ ክርስቲያኑን ውጦት የሚታየው ጉልላቱ ብቻ ነው። ግቢው በር ላይ፣ ከክፈፉ ሥር፣ አበረ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ቆሟል። ጠመንጃቸውን ጋቢ ውስጥ አድርገዋል። ኪዳን ሊሰሙ መጥተው ጭቃው አስቀርቷቸው ይሆናል አልኩ። እንኳን አደረሰሽ አለኝ። አብሮ ያድርሰን አልኩት። በገሳዬ ሳቀ፤ ጎጆ ተሸክማ የምትሄድ ኤሊ አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

እቃ ቤቱ ጋ ስደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የአባቴ ድምፅ ይሰማል። ያን ቀን ኪዳኑን ይመራ የነበረው እሱ ነው፤ ድምፁ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሏል። መክፈቻውን አጋልኩ። በሸምበቆው እፍ አልኩ። ከወዲያ መልሶ እፍ አለ።

«አባ አሉ?» አለኝ ቢሻው።

«የሉም። ብቻዬን ነኝ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ። ሙልሙል ይዤልሃለሁ።»

እኔ መክፈቻውን አስገብቼ አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ።

«እናኑ» አለኝ። ድምፁ ወደ ቀዳዳው ቀርቧል። «ስሚኝ፣ የኔ እህት። መክፈቻውን አውጭና ወደ ቤት ሂጅ። ሩጭ።»

መልስ አልሰጠሁትም። መልስ የምሰጠው ጸሎቱን አቋርጬ ነው፤ ካቋረጥኩ ሞራው ተመልሶ ይረጋል። ሱባኤውን ለመጠበቅ ብሎ በሙልሙል እንዳልፈትነው የሚለምነኝም መሰለኝ። ደግሞ ጠራኝ። እኔ «ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ» ላይ ደርሻለሁ። አሜን አልኩ፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። እንደዚያ ቀን ለስልሶ ዞሮልኝ አያውቅም።

በሩን የገፋው የእኔ እጅ አይደለም። ከራሴ በላይ የመጣ ካኪ እጅጌ ነው። ሁለቱ ታጣቂዎች በጎኔ አልፈው እኔ የማላልፈውን ደፍ በጫማቸው ተሻገሩ። ግብግብ አልነበረም። ቢሻው በመሀላቸው ሆኖ ወጣ፤ አሥራ ሦስት ቀን ጨለማ ስለቆየ ዓይኑን በእጁ ይጋርዳል። ጢም አብቅሏል። መሬት የወደቀውን ሙልሙል አይቶ ጎንበስ አለና አነሣው፣ ጭቃውን በልብሱ ጠረገ፣ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

«ይችን ለእኔ ነው ያመጣችው» አለ። ከዚያ ወደ አበረ ዞሮ፣ «አያ አበረ፣ ልጅቱን አታስደንግጧት። ባታስሩኝም እሄዳለሁ» አለው።

ሄዱ። ጉሙ ዋጣቸው። ጥቂት ቆይቶ የኦራሉ ሞተር ከመንገዱ በኩል ሲነሣ ሰማሁ። የአባቴ ድምፅ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም።

እናቴ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ስትሆን አላየኋትም። አልጮኸችም። ሕዝቡ ሳይበተን፣ ካህናቱና የሱባኤው ባልቴቶች ባሉበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆማ ወንጌሉ ይምጣልኝ አለች። ወንጌሉ መጣ።

«ቄሰ ገበዝ፣ ይማሉልኝ» አለች ባሏን። «የወንድሜን ልጅ አልሰጠሁም ብለው ይማሉልኝ።»

አባቴ እጁን ወንጌሉ ላይ ጫነ። «ደጁን በእጄ አልከፈትኩም። ክፈቺ አላልኳትም። መክፈቻውንም አልሰጠኋትም። ዋሽቼ እንደሆነ ይህ ወንጌል ይፍረድብኝ» አለ።

ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አባትሽ ክፈቺ ብሎሻል አለችኝ። አላለኝም አልኩ። መክፈቻውን ሰጥቶሻል? አልሰጠኝም፣ እኔ ወሰድኩት። ሦስተኛ ጥያቄ አልነበራትም። አባቴ መጥቶ እጁን ራሴ ላይ ጫነና ለሕዝቡ ተናገረ፤ ሕፃን ናት፣ አታውቅም፣ ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገራት። ባልቴቶቹ ለደግነቱ አለቀሱ። እኔም እያለቀስኩ እጁን ሳምኩ።

እናቴ አልመታችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጸጉሬን ሠርታኝ አታውቅም። ጎረቤታችን እታተ ሸዋዓለም ናት ስትሠራኝ ያደግሁ።

አዛናው ከሐሙሲት የተመለሰው ሩፋኤል ሳያልፍ ነው። ኦራል መጥቶ ጎረምሳው ሲሮጥ እሱ ግን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። መልአክ የሚጋርደው መስሎኝ ነበር። በ1980 አንድ እግሩ የተቆረጠ ወታደር በወረታ ሲያልፍ ቢሻው ሰሜን ጦር ግንባር ላይ መሞቱን ነገረን። እናቴ ጥቁር ለበሰች። ሳታወልቀው አምና ሞተች። ስታጣጥር አጠገቧ ነበርኩ። እጄን ይዛ፣ ይቅር ብየሻለሁ፣ ልጅ ነበርሽ አለችኝ። አመሰገንኳት።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ለተዝካሯ ከአዲስ አበባ መጣሁ። ሜዳው ሩዝ በሩዝ ሆኗል። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ገብዝናውን ለሌላ አስረክቧል። አዛናው ለቦታው ካርታ ሊያወጣ ስለሆነ የድሮ የግብር ወረቀት ፈልጊ ተባልኩ። ወረቀቱ ያለው ከአልጋው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑም ሞራ የተቀባ ቁልፍ አለው፤ ብርዱ አርግቶታል።

«ያንችን እጅ ያውቃል» አለኝ አባቴ እየሳቀ፣ መክፈቻውን ከወገቡ እየፈታ።

ፍም አመጣሁ። አጋልኩት፣ አስገባሁት፣ በሰዓቴ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። ተከፈተ። የግብሩ ወረቀት ከላይ ነበር። ከሥሩ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ዳዊት ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ወረቀት አለ። ክብ ማኅተም፣ የአበረ ፊርማ። ቄስ አያልነህ በዚህ ቤተሰብ ላይ የተመደበውን አንድ ወጣት፣ ቢሻው ገብረማርያምን፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስላስረከቡ ልጃቸው አዛናው አያልነህ እንዳይጠየቅ። ነሐሴ 11 ቀን 1977 ዓ.ም.።

ቀኑን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ያ ችካል፣ ያ ፍም፣ ያ ዱካ አንድ በአንድ መጡ። ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም።

«አባ፣ ይህ የመቼ ነው?»

የላስቲኩን ድምፅ ሰምቶ ነበር። «የድሮ ነው። መልሽው።»

«አሥራ አንድ ይላል። ቢሻው የተያዘ አሥራ ሦስት ነው።»

«ጸሐፊው ተሳስቶ ይሆናል።»

ጠበቅሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«አንድ ተጽፎ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አዛናውን ልስጥ ኖሯል?»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም። መክፈቻውን ለምን ሰቀሉት?»

«እኔ በእጄ አልከፈትኩም፤ በወንጌል ፊት ምያለሁ።»

«አውቃለሁ። በእኔ እጅ ነው የከፈቱት።»

«ስምንት ዓመትሽ ነበር፣ እናኑ። ማን ይወቅስሽ ነበር?»

«እናቴ» አልኩት።

ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እሷም ይቅር ብላሽ ነው የሞተች አለ። ለምኑ ነው ይቅር ያለችኝ ብዬ ጠየቅሁት። እጁ መክፈቻውን ፍለጋ ምንጣፉን ይዳብሳል። ከሣጥኑ ነቅዬ መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት፤ ወረቀቱን ደግሞ ጉልበቱ ላይ። እናቴ በሳመችው ጉልበት ላይ።

ቦርሳዬን ያዝኩ። ተዝካሩ ነገ ነው፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው አለኝ። ደፉ ላይ ስደርስ ነፋሱ ገብቶ ወረቀቱን አነቃነቀው።

«በሩን ከፍተሽ እንዳትተዪው» አለኝ፤ «ብርድ ገባ።»

ወጣሁ። በሩን በእጄ ዘጋሁት።